መጀመሪያ ባትሪው ይውጣ

ስቶቭነር ግቢያችን ውስጥ ብስክሌቴን ያሰርኩበት ሰንሰለት ቁልፉ ጠፋብኝ። ከጎረቤት ባለባትሪ ግራይንደር ተዋስኩ፤ እዚህ ኦስሎ «ቪንከልስሊፐር» ይሉታል። ዲስኩን ልቀይር ስል አባዬ እጄን ያዘኝ።

«መጀመሪያ ባትሪውን አውጪ!»

ገመድ ስለሌለው አደገኛ አልመሰለኝም ነበር። ባትሪው ካለ ግን ጣቴ ማብሪያውን ከነካ ይዞራል።

አባዬ ወጣትነቱን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ብረት ሲቆርጥ ነው ያሳለፈው። ዲስኩን አነበበ፦ በደቂቃ 12,200 ዙር። ይህ ቁጥር ከማሽኑ ፍጥነት ማነስ የለበትም። መሃሉ ላይ ባለው የብረት ቀለበት የታተመው ጊዜ ግን አልፏል፤ ጣለው።

አዲስ ዲስክ አሰርን። ሽፋኑን በዲስኩና በእኔ መካከል አዞረው። ሻርፔን አስወለቀኝ፤ መነጽር አደረግን። አንድ ደቂቃ ባዶውን አሽከረከርነው። ከዚያ በሁለት እጄ ጨብጬ ቆረጥኩ።

ቁልፉ ማታ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ተገኘ።