ጠባብ ጀልባ በነፋስ ቀን

ኃይለኛ ነፋስ ሲነሣ የሚፈራው የባሕር መርከበኛ ብቻ ይመስላል። በእርግጥም በእንግሊዝና በዌልስ ምድር በተቆፈሩት የመጓጓዣ ቦዮች ላይ ነፋስ የቱንም ያህል ቢበረታ ጀልባ የሚያሰጥም ሞገድ አይነሣም፤ ቦዮቹ ጠባብና ጥልቀት የሌላቸው ስለሆኑ ውሃው ከመሸብሸብ አያልፍም። ይሁን እንጂ ልምድ ያላቸው የቦይ ጀልባ ነጂዎች ከዝናብና ከብርድ ይልቅ የሚጠነቀቁት ነፋስን ነው። ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድሞ የጀልባውን ቅርጽ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ጀልባ ናሮውቦት ይባላል፤ ትርጉሙም ጠባብ ጀልባ ማለት ነው። ወርዱ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን ርዝመቱ እስከ 22 ሜትር ይደርሳል። መጠኑን የወሰኑት ጀልባ ሠሪዎች ሳይሆኑ ቦዩን ያስቆፈሩት መሐንዲሶች ናቸው። በ18ኛው መቶ ዓመት የኖረው ጄምስ ብሪንድሊ፣ ጀልባን ከዝቅተኛ ቦታ ወደ ከፍተኛው የሚያወጡትን ባለ በር የውሃ ክፍሎች ጠባብ አድርጎ ስለ ሠራቸው ጀልባውም በዚያው ልክ ጠበበ። በዚያን ዘመን ጀልባውን የሚጎትተው በቦዩ ዳር የሚራመድ ፈረስ ነበር፤ ጭነቱም በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል ነበር። ባቡርና መኪና ጭነቱን ከወሰዱበት በኋላ ግን ጀልባው የሽርሽርና የመኖሪያ መሣሪያ ሆነ። ዛሬ አብዛኛው በናፍጣ ሞተር ይሄዳል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ እንዳያልፍ ተወስኗል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የጀልባው የታች ወለል ጠፍጣፋ ሲሆን ወደ ውሃው የሚገባው ከ60 ሳንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ከውሃው በላይ የሚታየው ጎኑ ግን እንደ ረጅም ግድግዳ ነው። 17 ሜትር ርዝመት ያለው ጀልባ ወደ 20 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ጎኑን ለነፋስ ይሰጣል፤ በውሃው ውስጥ ይዞ የሚያቆመው ነገር ግን ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ መሪው የሚሠራው በስተኋላ ያለው ሽክርክሪት ውሃውን እየገፋ ሲያሳልፍበት ነው። ነጂው ፈርቶ ፍጥነቱን ከቀነሰ መሪው ይደክማል፤ ነፋሱም ጀልባውን እንደ ፈለገ ይወስደዋል። ስለዚህ በነፋስ ቀን አንዳንድ ጊዜ ከጸጥታው ቀን ይልቅ ፈጠን ማለት ግድ ይሆናል። ይሁንና በዳር ከታሰሩ ጀልባዎች አጠገብ ሲያልፉ መፍጠን ነውር ነው፤ የታሰሩትን ገመዳቸው እስኪወጠር ድረስ ይስባቸዋልና። ነጂው በሁለቱ መካከል መምረጥ አለበት፤ የነጂው ችሎታ የሚፈተነው በዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለምሳሌ በላንጎለን ቦይ ላይ ከቸርክ ከተማ ተነሥቶ ወደ ላንጎለን የሚሄደውን ጀልባ እንመልከት። ነጂው በኋላ ጫፍ ላይ፣ ከጣሪያ ውጭ፣ የመሪውን ዘንግ ይዞ ይቆማል። መጀመሪያ 400 ሜትር በላይ የሚረዝመው የቸርክ ዋሻ ይገጥመዋል። በዋሻው ውስጥ ነፋስ ብዙም አያስቸግርም። በመውጫው ግን የጀልባው ፊት ነፋሱ ውስጥ ሲገባ ኋላው ገና በመጠለያው ውስጥ ነው፤ በዚህ ጊዜ ፊቱ ወደ ዳር ይዞራል። ስለሆነም አስተዋይ ነጂ ነፋሱ ከመግፋቱ በፊት የጀልባውን ፊት ጥቂት ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ያዘነብላል። በገላጣው መንገድ ላይም ጀልባው እንደ ሸርጣን አግድም እያደላ ይጓዛል።

ቀጥሎ የጶንትከሰስልቴ የውሃ ድልድይ ይመጣል። በቶማስ ቴልፎርድ መሐንዲስነት ተሠርቶ በ1805 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ይህ ድልድይ 307 ሜትር ይረዝማል፤ ከዲ ወንዝ በላይ ያለው ከፍታም 38 ሜትር ያህል ነው። ውሃው የሚፈስሰው በብረት ገንዳ ውስጥ ሲሆን የእግር መንገዱ በተሠራበት ወገን መከላከያ ብረት አለ፤ በሌላው ወገን ግን የገንዳው ጠርዝ ብቻ ነው። ከጀልባው ላይ ወደዚያ የሚመለከት ሰው በእርሱና በሸለቆው መካከል ምንም ነገር ያለ አይመስለውም። ነፋሱ ጀልባውን ከገንዳው አያወጣውም፤ ከብረቱ ጋር እያጋጨ ያሻሸዋል እንጂ። አደጋው ለሰው ነው። በመሆኑም ከድልድዩ በፊት ልጆች ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ በጣሪያ ላይም ማንም አይቀመጥም። ሁለት ጀልባዎች ጎን ለጎን ስለማያልፉ ከወዲያ የሚመጣ መኖሩ አስቀድሞ ይታያል። ነፋሱ እጅግ ከበረታም በወዲህኛው ዳር አስሮ መዋል ይሻላል፤ እንዲህ ያለ ቀን ማጣት የሚያሳፍር አይደለም።

ከድልድዩ ማዶ መንገዱ ወደ ግራ በኃይል ይታጠፋል፤ እዚያ ፍጥነት መቀነስ ስለሚያስፈልግ ነፋሱ እንደገና ዕድል ያገኛል። ከዚያ ወዲያ ወደ ላንጎለን ሲቃረቡ ቦዩ በየቦታው አንድ ጀልባ ብቻ እስከሚያሳልፍ ድረስ ይጠባል። ከዲ ወንዝ የተጠለፈው ውሃም ከፊት ለፊት ስለሚመጣ ጉዞው ይዘገያል።

ማታ ሲደርሱ አንዱ ተጓዥ የመካከለኛውን ገመድ ይዞ ወደ ዳር ይወርዳል። ገመዱን በእጁ ብቻ አይዝም፤ ከ15 ቶን ያላነሰ ብረት በነፋስ ሲገፋ የሰው ክንድ አያቆመውምና። በምሰሶ ወይም በብረት ቀለበት ላይ ጠምጥሞ ይጎትታል፤ እግሩንም ሆነ እጁን በጀልባውና በግንቡ መካከል አያስገባም። የፊትና የኋላ ገመዶች የሚታሰሩት ከዚህ በኋላ ነው።