ሣሩ እስኪታጨድ

ኅዳር ላይ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ የሚወርድ ሰው ከከተማዋ ቀድሞ ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ ያገኛል፤ ጭነቱ ከጋቢናው በላይ ተቆልሎ በየኩርባው ወዲህና ወዲያ ይዘማል። የአዲስ አበባ የወተት ላሞች በጋውን የሚሻገሩት በዚህ ሣር ነው። ሣሩ ክረምት ላይ ሌላ እንግዳ እንደሚያስተናግድ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

የሱሉልታ ሜዳ አፈሩ መረሬ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ውሃው መስረግ ያቅተውና ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ሙገር፣ በሙገርም ወደ ዓባይ ይወርዳል። በዚህ ወቅት ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝያችን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የማይገኘው፣ ከላይኛው ደጋ ወረድ ብሎ በመንጋ ይሰማራል። ቡራዩ አጠገብ በገፈርሳ ግድብ ዳርም ይታያል።

እኔን የምትደንቀኝ ግን ሌላ ወፍ ናት፤ ከጫጩት እምብዛም የማትበልጥ፣ 14 ሴንቲሜትር ገደማ የምትሆን። ተነሥታ ስትበርር ክንፏ ላይ ነጭ ይታያል፤ መብረሩን ግን አትወደውም፣ ሣር ለሣር ሹልክ ማለት ይቀናታል። ሳይንሱ ሳሮትሩራ አይረሲ ይላታል። በሱሉልታ ሜዳ ከድሮ ጀምሮ ተመዝግባለች። ከሆለታ አለፍ ብሎ፣ አዲስ ዓለም አጠገብ ባለው የበርጋ ሜዳ ደግሞ እንደምትራባ በ1989 ዓ.ም. ክረምት ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስትራባ እስክትገኝ ድረስ፣ የመራቢያዋ አገር ሆኖ የሚታወቀው የእኛ ደጋ ብቻ ነበር። በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱት ከ250 ያንሳሉ ተብሎ ይገመታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ናት።

ጎጆዋን የምትሠራው ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ እግሩ ውሃ ውስጥ በቆመ ሣር መካከል ነው። ከብት ከገባ ሣሩም ያልቃል፣ እንቁላሉም ይረገጣል። ያዳናት የገበሬው የድርቆሽ ልማድ ነው፦ ሜዳው ክረምቱን ሙሉ ይከለከላል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ መሬቱ ሲጠነክር፣ ማጭድ ይገባል። የታጨደው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ በመንሽ እየተገለበጠ ይደርቅና ይከመራል። ለከብት የሚለቀቀው ቃርሚያው ነው። እስከዚያ ጫጩቶቹ ሮጠው ሄደዋል። ማንም ለወፏ ብሎ ያወጣው ደንብ አይደለም፤ የሁለቱ ቀን መቁጠሪያ ገጠመ እንጂ።

በርጋ ላይ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ይህንኑ ልማድ ይዞ ነው ከነዋሪው ጋር መሥራት የጀመረው፤ ትምህርት ቤትም በዚሁ ሰበብ ተሠራላቸው። ብልህ አካሄድ ይመስለኛል፤ ድርቆሹ ገንዘብ እስካመጣ ድረስ ክልክሉን የሚጠብቀው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ሱሉልታ ግን እንደ ቡራዩና ሰበታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ገብታለች። ድርቆሽ በዓመት አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ቦታ ግን አንዴ ከተሸጠ መረሬው ላይ ቀይ አሸዋ ይደፋበታል፣ ቆርቆሮ አጥርም ይዞረዋል። ካለፈው ክረምት የተረፈው ውሃ ከአጥሩ ሥር ታቁሮ ይታያል፤ ዝዮቹም አንዳንዴ እዚያው ዳር ላይ ያርፋሉ።