አንድ ኮንቴነር

ሰርቬየሩ ከቦርሳው ትንሽ ብልቃጥ አወጣና በረጠበው ካርቶን ላይ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አደረገ። ጠብታው ወዲያው እንደ ወተት ነጣ። ጨው አለበት ማለት ነው፤ የሞጆ ዝናብ ቢሆን ኖሮ ጥርት ብሎ ይቀር ነበር። ቀና ስንል የኮንቴነሩ ጣሪያ ዝጎ በተበሳበት በኩል ፀሐይ ትገባለች።

የአስመጪው ፊት በራ። «ልጄ፣ ከባሕር መሆኑ ከታወቀማ ኢንሹራንሱ ይከፍላል አይደል?»

ፖሊሲያቸውን አስቀድሜ አይቼው ስለነበር ወዲያው አልመለስኩም። ከሦስቱ የጭነት መድን ክሎዞች፣ ከኤ፣ ከቢና ከሲ፣ አረቦኑ እንዲቀንስላቸው የመረጡት ክሎዝ ሲን ነው። ሲ መርከብ ሲሰምጥ፣ ሲቃጠል፣ ሲጋጭ፣ መኪና ሲገለበጥ ይደርሳል። ኮንቴነር ውስጥ ለገባ የባሕር ውሃ ግን ቢያንስ ቢ መግዛት ነበረባቸው። ሰው ሁሉ ሰርተፍኬቱ መኖሩን እንጂ ፊደሏን አያይም። «ሙሉ» የሚባለው ኤ እንኳ መዘግየት ያመጣውን ኪሳራ አይከፍልም።

የቀረን አጓጓዡ ነው። የተበላሹት 84 ካርቶን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ናቸው፣ እያንዳንዱ 12 ኪሎ። የጭነት ሰነዱ፣ ማለትም ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ የሚመራበት የሄግ ቪዝቢ ደንብ የአጓጓዡን ኃላፊነት በጥቅል 666.67 ኤስዲአር (የአይኤምኤፍ የሒሳብ መለኪያ) ወይም በኪሎ 2 ኤስዲአር፣ ከሁለቱ በሚበልጠው ይገድበዋል። በኮንቴነር ለተጫነ ዕቃ ደግሞ ጥቅል የሚባለው ሰነዱ ላይ ተቆጥሮ የተጻፈው ነው። ኮንቴነሩ የያዘው ሁሉ ተቆጥሮ «310 ካርቶን» ቢባል ኖሮ ለ84ቱ እስከ 56,000 ኤስዲአር መጠየቅ ይቻል ነበር። የተጻፈው «1 ኮንቴነር» ነው። ስለዚህ በኪሎ አሰላነው፤ 2,016 ወጣ። (የእኛው የ1952ቱ የባሕር ሕግማ ለአንድ ጥቅል 500 ብር ነው የሚለው። ዛሬ ስንት ሰው ምሳ እንደሚያበላ እናንተው አስሉት።)

«ማን ነው እንዲህ ብሎ የጻፈው?» አሉ ተቆጥተው።

ስልካቸውን እንዲያወጡ ጠየቅኋቸው። ዕቃው ከመጫኑ በፊት ሻጩ የቢል ኦፍ ሎዲንጉን ረቂቅ በዊቻት ልኮላቸዋል። መነጽራቸውን አድርገው በሁለት ጣት አሰፉት፤ የጥቅል ብዛት ከሚለው ሥር «1 ኮንቴነር» ይላል። ከታች የእሳቸው መልስ አለ፤ «ኦኬ»፣ ከአውራ ጣት ምልክት ጋር።