የቀለበቱ ገንዘብና የሐራጁ ፒካፕ

የሐራጅ ነገር ሲነሳ የብዙ ወጣት ዓይን ይበራል። “በግማሽ ዋጋ!” ይባላላ! እውነት ነው፣ በሐራጅ ገዝተው ያለፈላቸው ሞልተዋል። የገዙትን መኪና ደጃፍ ላይ አቁመው ጎማው እስኪሰነጠቅ የሚያዩትም ግን ጥቂት አይደሉም። ልዩነቱ ዕድል ነው ትላላችሁ? እኔ አይመስለኝም።

ጉዳዩን እንዳነሳ ያደረገኝ ከመተማ ዮሐንስ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው የ27 ዓመት ወጣት ሾፌር ነው። ከእጮኛው ጋር ሦስት ዓመት እቁብ ጥለው ለቀለበትና ለሠርግ የሚሆን ገንዘብ አጠራቅመዋል። ታዲያ አንድ ባንክ ብድሩን ያልከፈለ የሰሊጥ እርሻ ንብረት ለሐራጅ አወጣ፤ ከንብረቱ ውስጥ አንድ ፒካፕ አለ። እሱ “ይህን ካጣሁ ሌላ አላገኝም” ይላል። እሷ ደግሞ “ሰው የከሰረበትን ዕቃ ቤቴ አላስገባም” ብላ አኩርፋለች። “እስቲ እርስዎ ይፍረዱን” ብለውኛል።

ልጁ የመኪና እሽቅድምድም አፍቃሪ መሆኑ ያስታውቃል። “ውጭ አገር እኮ የእሽቅድምድም ድርጅት ሲዘጋ ንብረቱ በሐራጅ ይሸጣል፣ የገዛውም ይጠቀማል” ብሎ ይከራከራል። ጥሩ! በራሱ ምሳሌ እንነጋገራ።

ሜዳ ያጣ መኪና

አሜሪካ ውስጥ ቻምፕ ካር የሚባል ዝነኛ የእሽቅድምድም ውድድር ነበር። ባለቤቱ ኩባንያ ከስሮ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 ንብረቱ ኢንዲያናፖሊስ ፍርድ ቤት ቀረበ። ተፎካካሪው ድርጅት ላቅ ያለ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መጣ። ዳኛው ግን የሰጡት “ውድድሩን አስቀጥላለሁ፣ ውሎቹንም እረከባለሁ” ላለው ወገን ነው። ያኔም ቢሆን የንብረቱ ዋጋ ያለው ውድድሩ ሲቀጥል መሆኑን ልብ በሉ።

ለ2007 የውድድር ዘመን ፓኖዝ ዲፒ01 የተባለ አዲስ መኪና ለቡድኖቹ ሁሉ ተሠራ። ምን ያደርጋል! በ2008 መጀመሪያ ድርጅቱ እንደገና ከሰረ፣ ውድድሩም ከተፎካካሪው ጋር ተዋሐደ። የቻምፕ ካር የመጨረሻ ግልቢያ በኤፕሪል 2008 ሎንግ ቢች ላይ ሆነ። ተፎካካሪው የሚወዳደረው ዳላራ በሚባል ሌላ መኪና ነው። ስለዚህ ሞተሩ ደህና፣ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ መኪና አንድ ዓመት ሮጦ የተሠራበትን ሜዳ አጣ። በርካሽ ቢገኝስ ምን ላይ ይነዳል?

ኤ ዋን ግራንድ ፕሪም ከዚህ አይሻልም። አገሮች በየባንዲራቸው የሚፎካከሩበት ይህ ውድድር በ2005 ተጀምሮ ነበር። በኦክቶበር 2009 አውስትራሊያ ላይ ሊካሄድ የነበረው የመክፈቻ ውድድር ግን ተሰረዘ። ለምን? እንግሊዝ ያለው አስተዳዳሪ ኩባንያ ለዕዳ ማጣራት ቀርቦ ስለነበር መኪኖቹ ከዚያ መውጣት አልቻሉም። ፈጣኑን መኪና ወረቀት አሰረው!

የቆላውስ?

ምዕራብ ጎንደር ቆላው የሰሊጥ አገር ነው። ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም፤ ሲደርስ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ዝናብ ሲዛባ፣ የቀን ሠራተኛ ሲጠፋ ወይም ዋጋ ሲወርድ በብድር የቆመ እርሻ ይንገዳገዳል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በውሉ ከተፈቀደለት ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። እንግዲህ ፒካፑ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ወንድሜ፣ አሁን የምነግርህን ልብ በል። ለእርሻ ኢንቨስትመንት ከቀረጥ ነፃ የሚገቡ ፒካፖችና ትራክተሮች አሉ። ከቀረጥ ነፃ የመሆኑ መብት የተሰጠው ለባለሀብቱ እንጂ ለመኪናው አይደለም። መብቱ ወደሌለው ሰው ሲዛወር ያልተከፈለው ቀረጥና ታክስ ይጠየቃል። ግማሽ ዋጋ ያልከው ፒካፕ ከገበያው በላይ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ካልከፈልክ ስም አይዞርልህም፣ ሊብሬው በስምህ ካልሆነ ደግሞ ያንተም መኪና ሜዳ አጣ ማለት ነው።

ስለዚህ ከመጫረትህ በፊት እነዚህን አድርግ፦

1. መኪናው ቀረጥ የተከፈለበት መሆን አለመሆኑን፣ ካልተከፈለም ማን እንደሚከፍል ባንኩን በጽሑፍ ጠይቅ። “ችግር የለም፣ ይስተካከላል” የሚል የደላላ ወሬ አይበቃም።

2. በባንክ ሐራጅ የተለመደው የመነሻ ዋጋውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ ማስያዝ ነው። መነሻው 400,000 ብር ቢሆን 100,000 ብር መሆኑ ነው። ካሸነፍክ በኋላ ቀሪውን የምትከፍልበት ጊዜ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ 15 ቀን። በቀኑ ካልከፈልክ ያስያዝከው ሊቀርብህ ይችላል። ቀሪውን ከየት እንደምታመጣ ሳታውቅ እጅህን አታውጣ!

3. ዋጋው ቫት ይጨምር እንደሆነ አጣራ። ካልጨመረ በ400,000 ብር ላይ 15 በመቶ ማለት 60,000 ብር ነው። የስም ማዛወሪያውንም ደምርበት።

4. “ባለበት ሁኔታ” የሚለውን ቃል አትናቀው። ከሸጡልህ በኋላ ሞተሩ ቢነክስ የሚሰማህ የለም። በጉብኝቱ ቀን መካኒክ ይዘህ ሂድ። በእርሻ መንገድ፣ በቆላ ሙቀትና አቧራ የዋለ መኪና ነው፤ ራዲያተሩንና ሻንሲውን ሳታስመረምር አትመለስ።

ለእህቴም የምላት አለኝ። ብረት የሰው ኪሳራ አያጋባም። እንዲያውም ንብረቱ ጥሩ ዋጋ ሲያወጣ የባለዕዳው ሸክም ይቀልለታል፤ ከዕዳው የተረፈ ካለም ለእሱ ይመለሳል። ስለዚህ በዚህ አትፍሪ። ግን ኩርፊያሽ ከፒካፑ የመጣ አይመስለኝም። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበብኩት፤ “ላስይዝ ነው” ይላል እንጂ “ልናስይዝ ነው” አይልም። እቁቡን የጣላችሁት ሁለታችሁ ናችሁ፣ ውሳኔውን ግን አንዱ ይዞታል። ያስከፋሽ ይህ ከሆነ ልክ ነሽ፤ ግን በግልጽ ንገሪው እንጂ በኪሳራ ወሬ አትሸፍኚው።

የኔ ፍርድ ይኸው፦ አብራችሁ ሂዱና እዩት። ቀረጡን፣ ቫቱን፣ ጥገናውን ደምራችሁ የመጨረሻ ዋጋችሁን ወረቀት ላይ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ጨረታው ከዚያ በአንድ ብር እንኳ ካለፈ ውጡ። ሒሳቡ ካልጣማት ደግሞ፣ ወንድሜ፣ ተወው። ፒካፕ ነገም ሐራጅ ይወጣል፤ እጮኛ ግን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አትለጠፍም።