ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የተሠራ አንድ ጥናት፦ ፋይዳው በምን ይለካል?

የአንድ ምሁር ጥናት ተጽዕኖ አለው የሚባለው መቼ ነው? በዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው መለኪያ ሌሎች ተመራማሪዎች ጥናቱን ስንት ጊዜ ጠቀሱት የሚለው ነው። ጥናቱ የተሠራበት አካባቢ ነዋሪ ግን ሌላ ጥያቄ አለው። ችግራችንን በትክክል አይቷል ወይ? እኛስ ምን እንጠቀምበታለን? ይህን ጥያቄ በአሶሳና በአካባቢዋ ላይ ከተሠሩ ጥናቶች አንዱን ይዘን እንየው።

ጥናቱ ምን ጠየቀ?

ዶክተር አስናቀ ከፋለ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ክፍል ምሁር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኔዘርላንድስ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የሶማሌንና የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ክልሎች ያነጻጽራል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በመጽሐፍ ታትሟል።

ስለ ፌዴራሊዝም የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ያተኩራል። ይህ ጥናት ግን ወደ ዳር አገር ወርዶ፣ ሥርዓቱ የብሔር ግጭትን ይፈታል የተባለው በመሬት ላይ እንዴት ሆነ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ለደጋፊም ለተቃዋሚም የሚመች አይደለም። ሥርዓቱ ለረጅም ጊዜ ተገፍተው ለኖሩ ሕዝቦች ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት በር ከፍቷል። ግጭትን ግን አላጠፋም። አንዳንዱ ግጭት መልኩን ቀይሯል፣ ሌላው በሥልጣን፣ በመሬትና በወሰን ምክንያት በየአካባቢው አዲስ ተፈጥሯል።

አሶሳ ላይ ምን ይታያል?

የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ይላቸዋል። ከእነርሱ ጋር አማራ፣ ኦሮሞ፣ አገውና ሌሎችም ይኖራሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ በደርግ ዘመን ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ አሶሳና ፓዌ በሠፈራ የመጡ ወይም የእነርሱ ልጆች ናቸው።

በ1992 ምርጫ ይህ ልዩነት ወደ ሕግ ክርክር አደገ። ባለቤት ከተባሉት ብሔረሰቦች ውጭ የሆኑ ዕጩዎች የአካባቢውን ቋንቋ አያውቁም ተብለው ከውድድር ታገዱ። አቤቱታው እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም የክልሉን የሥራ ቋንቋ አማርኛን የሚያውቅ ሰው በዚህ ምክንያት ሊከለከል እንደማይገባ ወሰነ።

ለእኛ ለሙስሊሞች እዚህ ላይ ቆም ብለን የምናስበው ነገር አለ። የበርታ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ከወሎ ከመጡት ሠፋሪዎችም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። በአንድ መስጂድ፣ በአንድ ሰፍ ትከሻ ለትከሻ ቆመው የሚሰግዱ ሰዎች በምርጫ ጣቢያ ሌላ መስመር ተሰምሮባቸዋል። እንግዲህ ግጭት ሁሉ ከሃይማኖት ወይም ከጥንት ጥላቻ አይመጣም ማለት ነው። መሬቱ የማን ነው፣ ወንበሩ ለማን ይገባል የሚለው ደንብም ሰውን ከሰው ያለያያል። የእምነት ወንድማማችነት ትልቅ ሀብት ነው፤ ፍትሐዊ ሕግን ግን አይተካም።

ዛሬስ ለምን ያስፈልገናል?

በ2011 በካማሺ፣ ከዚያም በመተከል የብዙ ንጹሐን ደም ፈሷል፣ ብዙ ቤተሰብም ከቀዬው ተፈናቅሏል። ጥናቱ ይህን ተንብዮ ነበር ማለታችን አይደለም። ያነሳቸው የመሬት፣ የወሰንና የባለቤትነት ጥያቄዎች ግን ዛሬም አልተዘጉም። ክልሉ የሱዳን ጎረቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሳ ስደተኞች በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። የሕዳሴው ግድብም የሚገኘው በዚሁ ክልል፣ በጉባ ነው። ስለዚህ የአሶሳ ሰላም የአሶሳ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

የጥናቱ ትልቁ እንቅፋት መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ የታተመውም በውጭ አገር መሆኑ ነው። በመምህርነት ዘመናችን እንዳየነው፣ ተማሪ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ በቃሉ ይወጣል፣ ስለ ገዛ ቀዬው የተጻፈውን ግን አያውቅም። ኢልም ሰው ሲጠቀምበት ነው ፍሬ የሚያፈራው። የጥናቱ ፍሬ ነገር በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋዎች ቢቀርብ፣ የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሽማግሌዎችን፣ ዑለማዎችንና ወጣቶችን ጠርተው ቢያወያዩበት፣ በዕርቅ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች የጠቡን ሥር ለይተው ይነጋገራሉ። እንደኛ እምነት የአንድ ጥናት ትልቁ መለኪያ ይህ ነው።