ያንቀላፋውንና የሞተውን የልብ ሥጋ በማግኔት ሥዕል ስለ መለየት

የቤት አባት ልቡ ታሞ ሐኪሙ «የልብዎ ደም ሥር ጠቧልና ሊከፈት ይገባል» ባለው ጊዜ፥ ቤተ ሰቡ ኹሉ በአንድ አሳብ ይያዛል። ይኸውም «ደም ሥሩ ቢከፈት ልቡ እንደ ቀድሞው ይበረታልን?» የሚል ነው። ሕክምናው ወጪና ድካም ብቻ ሳይኾን የሕይወትም አደጋ ያለበት ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው።

ልብ ደምን ለሰውነት ኹሉ ሲያዳርስ፥ ራሱ የሚመገበው በላዩ በተጋደሙ ቀጫጭን ደም ሥሮች ነው። እነዚህ ሥሮች ስብ ተጋግሮባቸው ሲጠቡ ሥጋው ይራባል። ረኃቡን ለማስታገሥ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከእግር ወይም ከደረት በተወሰደ ደም ሥር ሌላ መተላለፊያ መሥራት ነው። ሁለተኛው እንድርያስ ግሩንትሲግ የተባለው ሐኪም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. በዙሪክ ከተማ እንደ ጀመረው፥ ቀጭን ቧንቧ አስገብቶ በጫፉ ባለው ፊኛ የጠበበውን ማስፋት ነው።

ነገር ግን መንገዱ ስለ ተከፈተ ብቻ ልብ አይበረታም። ደም ያነሰው የልብ ሥጋ አንዱ ሥራውን ቀንሶ ያንቀላፋ፥ ሌላው ፈጽሞ ሞቶ ጠባሳ የኾነ ነውና። ሁለቱም ስለማይንቀሳቀሱ በእንቅስቃሴ ብቻ መለየት ያስቸግራል። ነገሩ ውኃ እንደ ራቀው እርሻ ነው፤ ሥሩ ያልደረቀ ተክል ቦይ ሲከፈትለት ይለመልማል፤ ሥሩ የደረቀው ግን ወንዝ ቢጠልፉለትም አይበቅልም።

ይህን ከሚለዩት መሣሪያዎች አንዱ ኤም. አር. አይ. የተባለው ነው። ታማሚው በትልቅ ማግኔት ውስጥ ተጋድሞ፥ ጋዶሊኒየም የተባለ ማዕድን ያለበት መድኀኒት በክንዱ ደም ሥር ይሰጠዋል። ዐሥር ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ መድኀኒቱ ከሕያው ሥጋ ታጥቦ ይወጣል፤ በጠባሳው ላይ ግን ይዘገያል። ስለዚህ በሥዕሉ ሕያው ሥጋ ጥቁር፥ የሞተው ነጭ ኾኖ ይታያል። ሐኪሙም ነጩ ከልብ ግድግዳ ውፍረት ምን ያህሉን እንደ ያዘ ይመዝናል።

በዚሁ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ሬይመንድ ኪምና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ስለ ሠሩት ምርመራ አሳተሙ። ልባቸው የደከመ 50 ሕሙማን ደም ሥራቸው ሳይከፈት በፊት በዚህ መሣሪያ ታይተው ነበር። ከደከሙት የልብ ክፍሎች ጠባሳ ያልታየባቸው 329 ሲኾኑ፥ ከመክፈቱ በኋላ 256ቱ በረቱ። ጠባሳ ከመቶ 75 እጅ በላይ ከያዛቸው 58 ክፍሎች ግን የበረታው 1 ብቻ ነበረ።

ኾኖም የአንድ ክፍል መበርታትና የዕድሜ መርዘም አንድ አይደሉም። በ2022 ዓ.ም. ውጤቱ የተገለጸው ሪቫይቭድ የተባለው የብሪታንያ ጥናት፥ ልባቸው እጅግ የደከመና ሕያው ሥጋ የተገኘባቸውን 700 ሕሙማን በሁለት ከፈለ። ለእኩሌቶቹ መድኀኒት ብቻ፥ ለቀሩት መድኀኒትና በፊኛ መክፈት ተሰጠ። ከሦስት ዓመት በላይ ክትትል በኋላ የሞቱት ወይም በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡት ከመክፈት ጋራ ከመቶ 37፥ ያለ መክፈት ከመቶ 38 ያህል ነበሩ። በ2023 ዓ.ም. በወጣው ተከታይ ምርመራም የሕያው ሥጋ ብዛት ከመክፈት የሚጠቀመውን ሰው ለይቶ አላመለከተም፤ የጠባሳው ብዛት ግን ልቡ ተከፈተም አልተከፈተ የታማሚውን መጨረሻ አመልክቷል።

እንግዲህ ሥዕሉ መካሪ እንጂ ፈራጅ አይደለም። ቤተ ሰብም ሐኪሙን እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው፦ ጠባሳው ምን ያህል ነው? ከመክፈት የምንጠብቀው የደረት ሕመም እንዲቀል ነው ወይስ ዕድሜ እንዲረዝም? መድኀኒቱስ በሚገባ ተወስዷልን? በሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለበት ወይም ኩላሊቱ የታመመ ሰው ከምርመራው አስቀድሞ ይናገር። ደረቱን በድንገት ጨምድዶ ለያዘው ሰው ግን ይህ ኹሉ ምክር ጊዜ የለውም፤ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ በዚያ ሰዓት የምትዘገይ እያንዳንዷ ደቂቃ ያንቀላፋውን ወደ ሞተው ትጨምራለችና።