ማታ ደህና ያደረ ባትሪ ጠዋት ለምን ይሞታል?

በአዲስ አበባ ማለዳ ላይ የጥበቃ ሠራተኛና ጎረቤት ተባብረው መኪና ሲገፉ ማየት የተለመደ ነው። ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ ግን መግፋትም አያዋጣም፤ ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል አገናኝቶ ማስነሳት ግድ ይላል። ባለመኪናው በዚህ ዓይነት ሥራው ላይ ይደርስና በምሳ ሰዓት አዲስ ባትሪ ይገዛል። ከጥቂት ወራት በኋላ ችግሩ ተመልሶ ሲመጣ “የዘንድሮ ባትሪ አይረባም” ይባላል። ባትሪው ግን የችግሩ ሰለባ እንጂ መንስኤ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል እላለሁ። የሚያስፈልገውም ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚይዘው ተራ ቴስተር ነው።

ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ያረጀ ባትሪ፣ በአግባቡ የማይሞላ ዲናሞ እና ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ የሚስብ ዕቃ።

በመጀመሪያ መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ከቆመ በኋላ የባትሪውን ቮልት ይለኩ። 12.6 ገደማ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ያህል ቀርቶታል ማለት ሲሆን፣ ከ12 በታች ከወረደ ሊያልቅ ተቃርቧል። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስተው ይለኩ። ቴስተሩ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። 12 ላይ ከቀረ ግን ዲናሞውን፣ ቺንጋውንና የኬብሎቹን ማሰሪያ ማስፈተሽ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ፈተና ባትሪውን ከመኪናው ይለያል። ባትሪው በደንብ ከተሞላ በኋላ ማታ ጥቁሩን፣ ማለትም የኔጋቲቩን ኬብል ፈትተው ያሳድሩት። ጠዋት ቮልቱ በጣም ወርዶ ከተገኘ ጥፋቱ የራሱ የባትሪው ነው፤ ይቀየር። እንደተሞላ ካደረ ግን ሌሊት የሚበላው መኪናው ውስጥ ያለ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ይረዳል። ማንኛውም ዘመናዊ መኪና ጠፍቶም ቢሆን ለሰዓቱ፣ ለአላርሙና ለኮምፒዩተሩ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይስባል። እስከ 0.05 አምፔር ድረስ ጤናማ ነው። በዚህ መጠን 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግማሹ እስኪያልቅ ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጃል። በርቶ የተረሳ የ5 ዋት አምፖል ደግሞ 0.4 አምፔር ገደማ ስለሚስብ በ12 ሰዓት 5 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። ይህ ብቻውን ጤነኛ ባትሪ በአንድ ሌሊት አይገድልም። ስለዚህ ባትሪው በአንድ ሌሊት ከሞተ ወይ ፍሳሹ ከባድ ነው፣ ወይም ባትሪው ቀድሞውኑ ደክሟል።

በራሴ መኪና ላይ የሆነው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሌላውን ቀን ያለችግር የምትነሳው መኪና ሰኞ ሰኞ አልነሳ አለች። ያያት ጋራዥ “ባትሪ ይቀየር” አለ። ኬብሉ ተፈትቶ ያደረው ባትሪ ግን ጠዋት 12.6 ቮልት አሳየ። ፍሳሹ ሲለካ 0.32 አምፔር ሆነ። ከዓርብ ማታ 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ያለው ጊዜ 61 ሰዓት ነው፤ ሲባዛ ወደ 20 አምፔር ሰዓት ይጠጋል። ሥራ ላይ የጎደለው በየዕለቱ ጉዞ ይሟላል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን የሚተካው የለም። ምክንያቱ በኋላ የተገጠመ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ነበር። ሽቦው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ወደሚያገኝ መስመር ተዛወረ፤ ባትሪው ሳይቀየር ችግሩ ቆመ።

ፍሳሹን ለመለካት ሞተሩን አጥፍተው፣ ቁልፉን አውጥተው የኔጋቲቩን ኬብል ይፍቱ። የቴስተሩን ቀይ ገመድ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ ያዛውሩና ቴስተሩን በባትሪውና በተፈታው ኬብል መካከል ያስገቡ። የመኪናው ኮምፒዩተሮች እስኪያንቀላፉ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ መጠበቅ የግድ ነው፤ በችኮላ የተነበበ ቁጥር ያሳስታል። ፊውዞቹ ያሉበት ቦታ በሩን ካላስከፈተ የማይደረስ ከሆነ፣ በሩን ከፍተው መቆለፊያውን በካቻቢቴ በመጫን መኪናው የተዘጋ እንዲመስለው ያድርጉ። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ። ቁጥሩን ዝቅ ያደረገው ፊውዝ ጥፋተኛው ያለበትን መስመር ይጠቁማል። በብዛት የሚገኙት በኋላ የተገጠሙ አላርም፣ ሬዲዮና ጂፒኤስ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛ መብራት እንዲሁም ተጣብቆ የቀረ ሪሌይ ናቸው። ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎ ቁጥሩ ካልወረደ የዲናሞው ዳዮድ ይጠርጠር።

ጥንቃቄም አለው። ቴስተሩ እንደገባ ቁልፍ ማዞር ወይም መኪናውን ለማስነሳት መሞከር ክልክል ነው፤ ሞተሪኖው ከመቶ አምፔር በላይ ስለሚስብ ቴስተሩን ያቃጥለዋል። ባትሪው አጠገብ ሲጋራና ብልጭታ አይቅረብ፤ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጂን ሊፈነዳ ይችላል።

በኤሌክትሪክ መኪና ይህ ጣጣ የቀረ የሚመስለው ሰው አለ። አብዛኞቹ ግን ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። እሱ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይበራም።

ለመለካት ጊዜ ወይም ድፍረት የሌለው ባለመኪና ወደ መኪና ኤሌክትሪሺያን ቢሄድ ይሻላል። ሲሄድ ግን “ባትሪ አስቸግሮኛል” ብቻ አይበል። “ጠፍቶ ስንት አምፔር እንደሚስብ ለክተህ ንገረኝ” ይበል። ነገሩን ማቆየትም አይበጅም፤ ደጋግሞ ባዶ የሆነ ባትሪ በውስጡ ያለው እርሳስ ስለሚበላሽ፣ ዛሬ ንጹህ የሆነው ባትሪ ነገ እውነትም የሚቀየር ይሆናል።